ልብ ወለድ ስለ መምረጥና ስለ መግዛት

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ልብ ወለድ ማንበብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነበር። ስለ ጥቅሙ ግን ከዚህ ቀደም ብዙ ተብሏል፤ እናንተም በዚህ ምሽት እዚህ የተሰበሰባችሁት ጥቅሙ ጠፍቷችሁ አይመስለንም። ስለዚህ በማኅበሩ ጸሐፊ ፈቃድ ርእሱን ጥቂት ለወጥ አድርገነዋል። ገንዘቡ ጥቂት፣ ጊዜውም ከገንዘቡ ያነሰ አንድ ተማሪ በሐዋሳ መሃል ከተማ ቆሞ ከብዙ መጻሕፍት መካከል አንዱን እንዴት አድርጎ ይመርጣል? ልንናገር የፈለግነው ይህንን ነው። «እኛ» ስንልም በአንድ ሕንፃ የምናድር፣ መጽሐፍ በመዋዋስ የተዋወቅን ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ማለታችን ነው። ሁላችንም የተስማማንበትን ብቻ ብናቀርብ ንግግሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበርና፣ የተከራከርንበትንም አልፎ አልፎ እንጠቅሳለን።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር የመጻሕፍት ሰፈር ይዛ አልተነሣችም፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ከእርሻ ኮሌጅ ተነሥቶ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ የተባለ፣ በኋላም የዛሬ ስሙን ያገኘ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ያላትን ዓይነት አሮጌ መጽሐፍ የሚገላበጥበት ሰፈር እዚህ እንጠብቅ ብንል የዋህነት ይሆንብናል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛ ሲገኝ ዝርዝር ጽፈን እንሰጠዋለን፤ እርሱም 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ ከዝርዝሩ እኩሌታውን አጥቶ፣ ያላዘዝነውን አንድ ሁለት ጨምሮ ይመጣል። ያላዘዝነው ብዙ ጊዜ የተሻለው ሆኖ መገኘቱ ግን ሳያስገርመን አይቀርም።

እንግዲህ በከተማችን ልብ ወለድ ከወዴት ይገኛል? የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች አሉ፤ እነርሱ ዘንድ ደብተርና የፈተና መለማመጃ ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ ልብ ወለድ ከበሩ ኋላ እንደ እንግዳ ቆሞ ይታያል። ስለ እነርሱ ብዙ የምንለው የለንም። ዋናው መደብራችን የሚራመደው ነው፤ ይኸውም ከክንዱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ ከካፌ ወደ ካፌ የሚዞረው አዟሪ ነው። ከሰዓት በኋላ በፒያሳ፣ ከዚያም በገብርኤል አደባባይ ዙሪያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ በፍቅር ሐይቅ መንገድ ላይ ይገኛል። የማኪያቶ ስኒ ሳይነካ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ሲዘረጋው ላየ ሰው ሙያው ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል።

አንድ ሰው በክንዱ ሊሸከም የሚችለው ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ መጽሐፍ ነው። በዚህም ምክንያት አዟሪው ጧት ከቤቱ ሲወጣ ለከተማው ሕዝብ ሁሉ ምርጫ መርጦ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ ክንዱን ስንመለከት ቆይተን ነበር። በላይ በኩል የሚቀመጡት ከውጭ ቋንቋ የተተረጐሙ፣ ሰው እንዴት ሀብታም እንደሚሆንና እንዴት በራሱ እንደሚተማመን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ናቸው። ከእነርሱ በታች የፖለቲካ ሰዎች ትዝታዎችና የታሪክ መጻሕፍት ይመጣሉ። ልብ ወለድ ከሥር ነው፤ እርሱም ቢሆን አምስት ስድስት ብቻ። ከእነዚህም ሁለቱ ሳይለወጡ ይሰነብታሉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ና «ኦሮማይ»።

«ምነው ልብ ወለዱን አሳነስከው?» ብለን ጠየቅነው።

«እኔ አላሳነስኩትም፤ የሚጠይቀኝ አንሶ ነው። ያልተሸጠ መጽሐፍ እኮ ማታ ላይ ይከብዳል» አለን።

ይህ መልስ ለብዙ ቀን አነጋግሮናል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጥፋቱን በአዟሪው ላይ ሊጥሉ ፈልገው ነበር፤ የእርሱ ክንድ ግን የእኛን ጥያቄ ተከትሎ የሚሞላ ነው። አንድ ተማሪ አንድን ልብ ወለድ በስሙ ጠርቶ ሦስት ጊዜ ቢጠይቅ በአራተኛው ቀን መጽሐፉ በክንዱ ላይ ይገኛል፤ ይህንን ሞክረን አይተነዋል። ስለዚህ መጽሐፍ መምረጥ የእያንዳንዱ ሰው የግል ጉዳይ ነው የሚለውን አባባል እንዳለ ለመቀበል እንቸገራለን። እኛ ያልመረጥነውን ጎረቤታችንም አያገኘውም።

እነዚያ ሁለት መጻሕፍት ከክንዱ ላይ የማይወርዱበት ምክንያትም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ነገር ግን በየገጠሩና በየሰፈሩ የገባው በወረቀት ብቻ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም በድምፁ ተርኮት ነው። ማንበብ የማይችሉ አያቶቻችን ሳይቀሩ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ አንድ ልጅ መጽሐፉን ሲገዛ አያቱ የመረጡለትን መግዛቱ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ እንደ ወጣ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። አንባቢ ሁሉ ያንን መጽሐፍ የሚፈልገው በከፊል ለታሪኩ፣ በከፊልም እንዳያነበው ተከልክሎ ስለ ነበረ ነው። መከልከል ለመጽሐፍ ትልቅ ማስታወቂያ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ደራሲው ነው።

ስለ ምርጫ ስናነሣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ምርጫ ያልነበራቸው ሰዎች ነገር ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ አንድ እስረኛ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዞ ገባ። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀውም ጥቂት ነበር። ነቢይ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ስስ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ የተጻፈበትም ወረቀት ከእስር በሚፈቱ ሰዎች እጅ ተደብቆ ወጣ። እርሱም ከተፈታ በኋላ ወረቀቱን ከየሰዉ ለቃቅሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳተመው። እነዚያ እስረኞች የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነትና የአንዲት ባለ ርስት ልጅን ታሪክ እናንብብ ብለው አልመረጡም፤ በሩን አልፎ የገባው እርሱ ብቻ ነበር። ቢሆንም አንድ መጽሐፍ የዚያን ያህል ተጠብቆ፣ የዚያን ያህል ተስሞ መነበቡ ያስቀናል። ዛሬ ከእኛ መካከል የአንዱ ስልክ ከቴሌግራም የወረዱ አራት መቶ መጻሕፍት ይዟል። ባለቤቱ ከመካከላቸው አንዱን ለመምረጥ ሲያገላብጥ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪውም ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መጽሐፉ በእጃችን ሲገባ ምኑን እናያለን? ብዙ ሰው ገልብጦ የጀርባ ሽፋኑን ያነባል። በእኛ አስተያየት የጀርባ ሽፋን የሚነግረን የደራሲው ወዳጆች ምን ያህል ታዋቂ እንደ ሆኑ ብቻ ነው። ሠርግ ላይ የተደረገ ንግግርን አምኖ ስለ ሙሽራው ጠባይ የሚፈርድ ማን አለ? የመጀመሪያው ገጽም ቢሆን አያስተማምንም፤ ደራሲው እርሱን ሃያ ጊዜ አጥቦ ተኩሶታልና። እኛ የምንከፍተው መካከሉን ነው፤ ይልቁንም ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ገጽ ፈልገን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናነባለን። የተናጋሪዎቹን ስም በጣት ሸፍነን ማን ምን እንዳለ ለይተን ለማወቅ ከቻልን መጽሐፉ ሕይወት አለው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳ ሲናገር ስሙ ባይጻፍም ይታወቃል፤ ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ። በቅርብ ጊዜ ካየናቸው አንዳንድ ልብ ወለዶች ግን ገበሬውም፣ ጠበቃውም፣ የሰባት ዓመቱም ልጅ እንደ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ነው የሚናገሩት። የማንንም ስም አንጠራም፤ ደራሲዎቹ በሕይወት አሉ፤ ይሻሻሉም ይሆናል።

በዚህ ሙከራ የሚሻሉን ዳኞች አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ጓደኞቻችን ናቸው። ከዐሥራ ሁለታችን መካከል በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በሀዲይኛ አፋቸውን የፈቱ አሉ። በአማርኛ ያደግነው አንድ ገጽ በቃላቱ ድምቀት ብቻ ያታልለናል፤ እነርሱ ግን «እሺ፣ ቃሉ ያምራል፤ ሰውዬው ግን ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቃሉ። የጎጃም ገጠር አማርኛ ያስቸግራቸው እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያላወቁት ቃል ብዙ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ሰዎቹ ስለሚታዩ ቃሉ ከሰዎቹ ሁኔታ እንደሚገባ ነገሩን። ከእነርሱ አንዱ በዚህ አጋጣሚ እንድናነሣለት የለመነን አንድ ነገር አለ። በሲዳምኛ የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ በሐዋሳ አዟሪ ክንድ ላይ የሚያየው መቼ ነው? በዚህ አዳራሽ የሲዳምኛ ቋንቋ ተማሪዎችና መምህራን ስላላችሁ ጥያቄውን ለእናንተ ትተንላችኋል።

ስለ አስቸጋሪ መጻሕፍት ያደረግነው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። በ1962 ዓ.ም. ሁለት ልብ ወለዶች ታትመዋል፤ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»። የመጀመሪያው ሥራውን ትቶ ሥዕል መሣል ስለ ፈለገ ስለ አበራ ወርቁ ነው፤ በአንድ ሌሊት ይነበባል፤ በማግሥቱም ለሰው ይሰጣል። «አደፍርስ» ግን አንባቢውን በየገጹ ያቆመዋል፤ ቃላቱ የተመረጡ፣ ንግግሮቹ እንደ ቴአትር የተደረደሩ፣ ታሪኩም ጠመዝማዛ ነው። እኩሌቶቻችን «ያልተነበበ ሊቅነት ለማን ይበጃል?» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ አንድ መጽሐፍ ቢያዘገየን ምን ቸገረ፣ ሐይቅ ዳር ስንሄድስ ሩጠን ነው ወይ የምንሄደው አልን። የዚህ ንግግር ጸሐፊዎች ከሁለተኞቹ ወገን ነን። ነገር ግን «አደፍርስ»ን በፈተና ሰሞን እንዲጀምሩት ለማንም አንመክርም።

በመናኸሪያ በኩል አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን ባንጠራ ይሻላል፤ ሰው ቢበዛባቸው ደስ አይላቸውም። በኪዮስካቸው በሞስኮ የፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ያወጣቸው ባለ ጠንካራ ሽፋን መጻሕፍት ከኩራዝ እትሞች ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ድሮ መያዣ እየተቀበሉ በቀን ኪራይ ያስነብቡ ነበር፤ ስልክ ሲመጣ ኪራዩ ቀረ። እኛን ቆመን እንድናነብ ይፈቅዱልናል።

«ሁለት ገጽ ምርመራ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ግን ንባብ ነውና ተቀመጡ፤ ወይም ግዙ፣ ልጆቼ» ይሉናል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይወስዱ ነበር?» ብለን ስንጠይቃቸው አይመልሱም። ሻጭ የመረጠው መጽሐፍ ካልተወደደ ደንበኛው ሻጩን እንጂ ደራሲውን አይቀየምም ይላሉ። ብልህ ነጋዴ ናቸው።

አሁን ደግሞ የሚያስቸግረውን እናንሣ፤ እርሱም ዋጋው ነው። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነበር የታተመው። ዛሬ የምናነበው በአገር ውስጥ ይታተማል፤ ወረቀቱና ቀለሙ ግን በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ የወረቀቱም ዋጋ አብሮት ሄደ። ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ ወይም ተበድሮ ነው፤ አከፋፋዩና ሻጩም ድርሻቸውን ከዋጋው ላይ ያነሣሉ። በመጨረሻ መጽሐፉ በአዟሪው ክንድ ላይ ሲደርስ ዋጋው ለአንድ ተማሪ የብዙ ቀን የምሳ ገንዘብ ይሆናል። ርካሹ መንገድ ክፍት ነው፤ በስውር የተባዛው እትም በግማሽ ዋጋ፣ በስልክ የሚላከው ደግሞ በነጻ።

በስውር የተባዛውን ለማወቅ አያዳግትም። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ኅዳጉ የተንጋደደ፣ የሽፋኑም ቀለም በፀሐይ የቆየ ይመስላል። ከእኛ አንዷ እንዲህ ያለ ቅጂ ገዝታ፣ የታሪኩ ሴት ልጅ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ዐሥራ ስድስት ገጽ ሳይኖር ቀረ። ሻጩን ብትጠይቀው «መጨረሻው አለ አይደለም እንዴ?» አላት። ይህ ያስቃል፤ ይሁን እንጂ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሕግ የከለከለው ነገር ነው። በዚህ ላይ አቋማችንን ስንወስን ሁለት ሌሊት ፈጅቶብናል። ደራሲው የሞተ፣ ከገበያም ፈጽሞ የጠፋ መጽሐፍ በስልክ ቢነበብ ብዙዎቻችን አንፈርድም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ሙሉው ከመታተሙ በፊት ለብዙ ዓመት በታይፕ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ያኔ ግን ሊገዛ የሚችል እትም አልነበረም። ባለፈው ዓመት ተበድሮ ያሳተመን ደራሲ መጽሐፍ ለአራት ሺህ ሰው በቴሌግራም መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍም። ቢጽፍም አያሳትመውም። እኛም በበኩላችን አማርኛ ልብ ወለድ ምነው ቀነሰ እያልን በካፌ እንከራከራለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምረናል። አባቶቻችን ለሠርግና ለቤት መሥሪያ፣ እናቶቻችን ለሰፌድና ለድስት ዕቁብ ሲጥሉ አይተን ያደግን ነንና፣ የመጽሐፍ ዕቁብ አቋቁመናል። አባሎቹ ዐሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር እንጥላለን። ዕጣ የወጣለት በስድስት መቶው ብር በሕጋዊ መንገድ የታተመ አንድ ልብ ወለድ ይገዛል፤ ከተረፈውም ለሚቀጥለው ወር ይቆያል። መጽሐፉ በዐሥራ ሁለታችን እጅ ዞሮ በመጨረሻ የባለ ዕጣው ንብረት ይሆናል። ደንቡ ይኸው ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ግን መጽሐፉን ለምን እንደ መረጠ በሁሉ ፊት ቆሞ መናገር አለበት፤ የሰው ገንዘብ ይዟልና። ይህ ግዴታ እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው ባናየው አናምንም ነበር። «ሽፋኑ አምሮኝ ነው» ብሎ በዐሥራ አንድ ሰው ፊት የሚናገር የለም።

በመጀመሪያው ዕጣ አንድ የእርሻ ተማሪ የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ገዛ። መጽሐፉ በ1997 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ነው። ተማሪው ስለ ምርጫው ሲናገር «በመካከሉ የከፈትኩት ገጽ ላይ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ታየኝ፤ የእናቴን ጓዳ አስታወሰኝ» አለ። ሦስት አባሎች ከመካከሉ አቋረጡት፤ አራቱ ደግሞ ዙሩ ካለቀ በኋላ እንደ ገና ይሰጠን ብለው ተሰለፉ። በሁለተኛው ዕጣ የተገዛው እንዳይነሣብን የባለ ዕጣዋን ፊት አይተን እናልፈዋለን። በሦስተኛው ዕጣ የወጣለት ጓደኛችን አዲስ መጽሐፍ አልፈልግም ብሎ ወደ ጋሼ ኪዮስክ ሄደና ስለ 1966ቱ አብዮት የተጻፈውን የብርሃኑ ዘርይሁንን «ማዕበል» አገኘ። ይህ እንደምታውቁት ሦስት መጽሐፍ ነው፤ ጋሼ ዘንድ የነበሩት ግን የመጀመሪያው «የአብዮት ዋዜማ»ና የመጨረሻው «የአብዮት ማግስት» ብቻ ነበሩ። «ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ሸጬዋለሁ፤ ገዢው ተማሪ ይመስለኛል» አሉን።

አሁን ዋዜማውን ስምንት ሰዎች አንብበን ጨርሰናል፤ ማግስቱን ግን ማንም አልነካውም፤ መካከሉ ሳይታወቅ መጨረሻውን እንዳናነብ ተማምለናል። አዟሪውም እየፈለገልን ነው፤ እስከ ዛሬ አላገኘም። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል፣ ወይም ይህ ንግግር በጋዜጣችን ሲወጣ ከምታነቡት መካከል፣ «የአብዮት መባቻ» የተባለው ሁለተኛው መጽሐፍ በእጁ ያለ ሰው ቢኖር፣ በማኅበሩ ጸሐፊ በኩል ለሁለት ሳምንት እንዲያውሰን እንለምናለን። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጠን እንመልሳለን።